የኮሪደሩ አፈ ጉባኤ

ስብሰባ ያለበት መሥሪያ ቤት ሁሉ አንድ የኮሪደር አፈ ጉባኤ አለው። የሌለው ካለ ኮሪደር ያልተሠራለት ነው። አዳራሽ ውስጥ ክቡርነታቸውን የሚያህል ተስማሚ አይገኝም፤ «ግሩም ሐሳብ!» ይላሉ፣ ከሁሉም ቀድመው ያጨበጭባሉ። በሩ ሲዘጋ ግን ያገኙትን ሰው ክንድ ይይዙና «በእኛ ይቅር እንጂ...» ብለው ይጀምራሉ። ከዚያ በኋላ የተጨበጨበለት ሁሉ አፈር ድሜ ይበላል።

በአንዱ መሥሪያ ቤት የንድፍ ክፍል ኃላፊዋን የእሳቸው ነገር አንጀቷን አሳርሯታል። ሳምንቱን ከፊሉን ቢሮ፣ ከፊሉን ቤት የመሥራትን ነገር በትእዛዝ ከምትጭን ሁሉም መክሮበት ይሁን ብላ ዐውደ ጥናት ጠራች። ክቡርነታቸው «እደግፋለሁ» የሚል አረንጓዴ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፈው በመዳፋቸው ዳበሱት። ከሻይ ሰዓት መልስ ግን ሰው ሁሉ የየራሱን ወረቀት ይልጥ ጀመር። ክቡርነታቸው ኮሪደሩ ላይ «ቤት የዋለ መጀመሪያ ይረሳል፣ ቀጥሎ ይቀነሳል» ብለዋል አሉ። በሁለተኛው ዐውደ ጥናት የሙከራ መርሐ ግብር ተነደፈ፤ ማስመሪያውን የያዙት ራሳቸው ነበሩ። መርሐ ግብሩ ግን ደረጃው ጋ ሳይደርስ ኮሪደሩ ላይ ሞተ።

ለሌላው ጉዳዩ የምቾት ነበር። ለአንዷ ነዳፊ ግን እንዲያ አይደለም። አባቷ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው ተኝተዋል፤ ታያቸው የነበረችው ጎረቤት ደግሞ ልትለቅ ነው። በሦስተኛው ዐውደ ጥናት ጠዋት «ዛሬም ካልሆነ ሥራውን እተዋለሁ» ብላለች። ዋና ሥራ አስኪያጁም «ዛሬ ካልተስማማችሁ ነገሩ ተዘግቷል» ብለዋል።

ያን ዕለት ኃላፊዋ አዳራሹ በር ላይ ቆመች።

«ወንበራችሁን ይዛችሁ ውጡ።»

«ወዴት?»

«ኮሪደሩ ላይ ነው የምንሰበሰበው።»

ግድግዳና ግድግዳ ተደግፈው ጉልበት ለጉልበት ተፋጠጡ። ማንም አልሳቀም። ክቡርነታቸው ግራ ቀኝ አዩ፤ መሸሻ የለም።

«ግሩም ሐሳ...» ብለው ቆሙ።

«ጋሼ፣ እዚህ ለሰው የሚነግሩትን ዛሬ ለሁላችንም ይንገሩን» አለች ኃላፊዋ። ነዳፊዋ አቀርቅራ ጣቶቿን ታፍተለትላለች።

የጋሼ ግንባር በላብ ወረዛ።

«እኔ ሰው ፊት አፌ ይተሳሰራል» አሉ በመጨረሻ። «የማጨበጭበው ተናገር እንዳልባል ነው። የልቤን የማወጣው እዚህ፣ ከአንድ ሰው ጋር እየተራመድኩ ነው። ቤት ስውል ለማን ልናገር? የእኔ ቤት እኮ ኮሪደር የለውም!»

ኃላፊዋ ስትቆጣቸው ከርማ አሁን አዘነችላቸው፤ በራሷም አፈረች። ወረቀትና ብዕር ያቀበለቻቸው ነዳፊዋ ናት።

«ጋሼ፣ ሁላችንም አብረን የምንውልበት ቀን ይኑር ብለው ይጻፉት። እኔ ከጎንዎ እለጥፋለሁ።»

ጻፉና ግድግዳው ላይ ለጠፉት። ሌላውም ተራ በተራ ተነሥቶ የራሱን ለጠፈ። ከምሳ በፊት ኃላፊዋ ለሥራ አስኪያጁ «ተስማምተናል» ብላ ደወለች።

የመጀመሪያው የቤት ቀን ሰላም ነበር። ንድፎቹ በሰዓታቸው ደረሱ፤ ነዳፊዋ አባቷን እያገላበጠች የሠራችውም ከሁሉ ቀድሞ መጣ። የሚቃወም የለም፣ የሚያጉረመርም የለም። ኃላፊዋ እስከ ቀትር ቻለችው። ከዚያ ስልኳን አነሣች።

«ጋሼ፣ ቤቱ ጭር ብሎብኝ ጨነቀኝ። እስቲ እንደ ኮሪደሩ ትንሽ ይሙኝ።»