አራተኛው ሻምበል

ሐበሻ በተሰበሰበበት አገር ሁሉ፣ ማንም ሳይሾመው ለሰው ልጅ ስም የሚያወጣ አንድ ሽማግሌ አይጠፋም። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ ሰፈር ግን መልአኩ ሥራውን ለክቡር ጋሽ መኳንንት አስረክቦ ሄዷል።

ጋሽ መኳንንት የሚያወጡት ስም ያለ ማዕረግ አይሆንም። ቅዳሴ ሲያልቅ አንዲት እናት «ሻምበል!» ብላ ስትጣራ ሦስት ልጆች ዞር ይላሉ። አንድ ሻለቃ አለ፤ ገና ዳይፐር አልተወም። የጎረቤታቸውን የሐሊናን ሴት ልጅ እንኳ እቴጌ ብለዋታል። የሚከራከራቸው ከተገኘ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ማዕረግ ያለው ስም ወረፋ አይጠብቅም።» እሳቸው ራሳቸው ግን አሥራ አንድ ዓመት አገልግለው ከጦሩ የወጡት በተራ ወታደርነት ነው።

ዛሬ ተራው የፀደንያ ነበር። ከወለደች ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ የልደት ፎርሙ ካልተሞላ ከሆስፒታሉ አትወጣም። ባሏ ሔኖክ የአየር መንገድ ሠራተኛ ነውና በረራ ላይ ነው። ምጥ የያዛት ቀን የዌስትላንድስን ትራፊክ እየተራገሙ ያደረሷት ጋሽ መኳንንት ናቸው። አጥሚቱን በፔርሙዝ የሚያመላልሱትም እሳቸው ናቸው። ታዲያ እኚህን ሰው በምን አፏ እምቢ ትበላቸው?

«ማማ፣ ጂና?» አለች ነርሷ ሰዓቷን እያየች፤ ስሙን ማለቷ ነው። ፎርሙን የዘረጋችው ግን ለሽማግሌው ነው። ጋሽ መኳንንት እስክሪብቶ ከደረት ኪሳቸው አወጡ።

«ሻምበል ሔኖክ» አሉ፣ አዋጅ እንደሚያነብ ሰው።

ፀደንያ እጇን ፎርሙ ላይ ጫነች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፊሊጶስ ነው የምለው።»

«ፊሊጶስ ደግሞ ማነው?»

«አባቴ ነው። ልጁ የሚጠራው በሔኖክ ነው፤ አሁን ካላወጣሁለት የአባቴ ስም በእኔ ያልቃል።»

ጋሽ መኳንንት እስክሪብቶውን ከፎርሙ ላይ አነሡ። ነርሷ እንደገና ሰዓቷን አየች። ፀደንያ ፈራች፤ የሞተውን አባቷን አተርፍ ብላ በቁም ያሉትን አባት ልታጣ ነው።

«ወታደር ነበሩ?» አሉ በመጨረሻ።

«አስተማሪ ነበር።»

ፎርሙን ቀስ ብለው ከእጇ ሥር ሳቡ። አንድ ፊደል እንዳይጎድል እየጠየቋት ፊሊጶስ ብለው ጻፉና ስልካቸውን ይዘው ወደ ኮሪደሩ ወጡ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ድምፃቸው ይሰማታል።

«አዎ፣ በሰላም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ወንድ ነው። ሻምበል ፊሊጶስ ይባላል።»

ፀደንያ ሳቋ መጣ፤ እንባዋም አብሮ መጣ። ላርማቸው አላለችም። አባቷ ሠላሳ ዓመት አስተምሮ አንድ እድገት ሳያገኝ ነው ያረፈው።