ያልታወቀ ነገር አይመረቅም

ጭሮ ውስጥ ሚስጥር የሚጠብቅ ሰው አገኘሁ የሚላችሁ ካለ፣ ሰውየው ወይ ትናንት ተመድቦ የመጣ መምህር ነው፣ ወይ ሞቷል! እኔ ግን በዚችው ከተማ ሚስጥር ጠብቄ እንጀራ ልበላ ተነሣሁ። የፓተንት ጠበቃ ነኝ። (አትሳቁ!)

እንዴት ይኮናል? ቀላል ነው... ምህንድስና ትማራላችሁ፤ አይበቃም፣ ሕግ ትደርቡበታላችሁ፤ አዲስ አበባ ተመላልሳችሁ ፈቃድ ታወጣላችሁ። ከዚያ አገራችሁ ገብታችሁ፣ ሥራችሁ የሰው ፈጠራ በስሙ እንዲመዘገብና ማንም እንዳይቀዳበት ማድረግ መሆኑን ስታስረዱ ታረጃላችሁ። ጎረቤቴ ሕግ መማሬን ሲሰማ «ልጄን አስፈታልኝ» አለኝ፤ ሚስቱ ምህንድስናውን ስትሰማ የተበላሸ ቴሌቪዥን ተሸክማ መጣች።

በስንት ጊዜዬ አንድ ደንበኛ አገኘሁ። ብረት በያጁ ኦቦ ጀማል በአሮጌ ብስክሌት ፔዳል የሚሠራ ማሽላ መውቂያ ፈጥረዋል። ሦስት ክረምት ለፍተውበታል። ሳየው እንባዬ መጣ።

«ማመልከቻው እስኪገባ ለማንም እንዳይነግሩ!» አልኳቸው። «አስቀድሞ የታወቀ ነገር አይመዘገብም። ለሚስትዎም ቢሆን!»

«ወላሂ አልናገርም። ግን ዱዓ ሳይደረግ አልፈርምም።»

ዱዓ ደግሞ ያለ ሽማግሌ የለም። ሐሙስ ከሰዓት ግቢያቸው ስደርስ ሽማግሌዎቹ ጫታቸውን ይዘው ተደርድረዋል። ከሂርና የመጡ ዘመዶችም፣ አንድ የሚኤሶ ማሽላ ነጋዴም አሉበት።

«ምኑን ነው የምንመርቀው?» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

«ሚስጥር ነው» አሉ ኦቦ ጀማል፣ እኔን እያዩ።

«አቦ! ያልታወቀ ነገር እንዴት ይመረቃል?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን እስቲ ፍረዱኝ... ስለ ሥራዬ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም! ተነሣሁ። አስረዳሁ። ሰንሰለቱ የት እንደሚገባ በወረቀት ሣልኩ። የሚኤሶው ነጋዴ «አልገባኝም» ሲለኝ ደግሜ ሣልኩለት፤ ወረቀቱንም ሰጠሁት! ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው መረቁ፦

«አላህ ያብዛው! በየቀዬው ይድረስ!»

«አሚን!» አልኩ፣ ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ... ማመልከቻውን ጽፌ ሳልጨርስ ለሌላ ጉዳይ ሚኤሶ ገበያ ብወርድ፣ አራት ባለ ፔዳል መውቂያ ተደርድሮ ይሸጣል። ሂርናም ደርሷል አሉኝ። የአንዱማ ፔዳል ከእኛው ይሻላል!

ተሸማቅቄ ለኦቦ ጀማል ነገርኳቸው። የጀመሩትን ብየዳ ጨረሱ። የሦስት ክረምት ልፋት ነው።

«ዱዓው ግን ደርሷል» አሉ በመጨረሻ። «ከሁላችን ጮክ ብሎ አሚን ያለው ማን ነበር?»