የአያ አንበሶ አዲስ መንጋጋ

ተረት ላወራ ነውና ጆሯችሁን ስጡኝ፤ መንጋጋችሁን ግን ደህና አድርጋችሁ ያዙት፣ ነገሩ እሱን የሚመለከት ነው።

ድሮ፣ በአንድ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ፣ ንጉሡ አያ አንበሶ ጎሽ ሊያድን ሄዶ አጉል ሆኖ ተመለሰ። ጎሹ አንድ ጊዜ በእግሩ ቢለው የታችኛው መንጋጋው እንክት አለ። ከዚያ ወዲህ ያን ሁሉ ግርማ ሞገስ ይዞ አጥሚት በቅል እየጠጣ ይኖር ጀመር።

ጫካው እንዲህ ያለ ደስታ አይቶ አያውቅም። ጥንቸሎች በላይ በላዩ ሰርግ ደገሱ፤ ድኩላዎች በጠራራ ፀሐይ ወንዝ ዳር ተጋደሙ። ዳሩ ግን የታመመ መጠየቅ ወግ ነውና ሁሉም ወደ ዋሻው እየሄደ «እግዜር ይማርዎ» ይል ነበር። ደስታው እንዳይታወቅበት የፈራ ሁሉ ጮክ ብሎ አለቀሰ። ወይዘሮ ድኩላማ እንባዋ አጥሚቱ ውስጥ ጠብ ጠብ እስኪል ተንሰቀሰቀች። አንዱ ሲያለቅስ ሌላው እየባሰበት ሄዶ፣ በመጨረሻ ማንም ሳያስበው የንጉሡን መንጋጋ የሚያስጠግን ጉባኤ ተጠራ። እስቲ አስቡት፤ መንጋጋው ይጠገን ብለው የተሰበሰቡት በዚያው መንጋጋ የሚበሉት ናቸው። የአያ ጅቦ እንኳ ይገባል፤ እሱ የሚኖረው በንጉሡ ትርፍራፊ ነው።

የጫካው ወጌሻ እመት ጦጢት ተነሥታ ጦጣ ሠራሽ አጥንት ማግኘቷን አበሠረች። ከእንቁላል ቅርፊት፣ ከኩይሳ አፈርና ከግራር ሙጫ የተቦካ ነው። ጥበቡን የቀሰመችው ከተማ ዳር ባለ አንድ ሐኪም ቤት መስኮት ላይ ተንጠልጥላ ነበር። ብቻ በቀጥታ ንጉሡ ላይ አይሞከርም አለች፤ መጀመሪያ ቢበላሽ ብዙ የማያስቆጭ መንጋጋ ያስፈልጋል። ይህን ስትል ሁሉም አፉን ዘጋ።

የዚያ ጉባኤ ልማድ ደግሞ የቀረን መምረጥ ነበር። ከባድ ሥራ ሲመጣ ዞር ዞር ብለው ያያሉ፣ ያልመጣውን ያገኛሉ፣ በአንድ ድምፅ ይመርጡታል። ያን ቀን የቀረው ከርከሮ ነበር፤ ሥር ሊቆፍር ሄዶ። ስለ ፈቃደኝነቱ በሌለበት ተመሰገነ፤ ጭብጨባውም ደመቀ።

ወሬውን የወሰደለት አያ ጅቦ ነበር። ከርከሮ አፉ አፈር እንደ ሞላ ሰማው። መቆፈሪያው መንጋጋው ነው፤ ያለ እሱ ምሳ የለውም።

«መንጋጋዬ እኮ ደህና ነው» አለ ግራ ገብቶት።

«እሱ አያሳስብህ» አለ አያ ጅቦ። «መጀመሪያ እንሰብረዋለን።»

ለመስበሩ ሥራ ጋሽ ዝሆን ተመደበ። ይቅርታ ጠይቆ፣ ከልቡ እያዘነ፣ አንድ እግሩን አሳረፈበት። እመት ጦጢት ስብራቱን በቡኮዋ ሞልታ፣ በልጥ አስራ፣ አጥሚት አዘዘችለት። ጉባኤው በየጊዜው እየመጣ የታሰረውን መንጋጋ ዳስሶ ያያል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ይሄዳል። ከርከሮ ሥር እያሸተተ ምራቁን ሲውጥ እንዴት እንደ ከረመ የጠየቀው የለም።

ክረምቱ ሲወጣ ልጡ ተፈታ። ድንጋይ የመሰለ የዘንባባ ፍሬ ቢሰጡት ፈረከሰው። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነበር፤ አፉን በገጠመ ቁጥር አዲሱ አጥንት «ቋ» ይላል። እመት ጦጢት ይኼ ምንም አይደለም አለች። ጫካው ጨፈረ፤ ጋሽ ዝሆን እንኳ እስክስታ ሞክሮ ሁለት ዛፍ ጣለ። በጭፈራው መሀል ከርከሮ እግሩን አነሣ።

«አንድ ነገር ልጠይቅ። ንጉሡ ሲድኑ ምንድን ነው የሚበሉት?»

ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ ነው ተባለና ጭፈራው ቀጠለ። ወይዘሮ ድኩላ እንዲህ ያለ ንግግር ነውር መሆኑን አስረድታ ትንሽ አለቀሰች። ከርከሮም ወደ ጉድጓዱ ሄደ።

አያ አንበሶ በዚያው አጥንት ተጠግኖ ዳነ። የምሥጋናው ግብዣ ዕለት ከከርከሮ በስተቀር የቀረ አልነበረም፤ የቀረ ምን እንደሚደርስበት ሁሉም አይቷል። ንጉሡ መንጋጋውን ግራና ቀኝ አንቀሳቅሶ፣ ጥሩ ይመስላል፣ ግን ሳይሞከር ምኑ ይታወቃል አለ። ጉባኤው እንደ ልማዱ ዞር ዞር ብሎ አየና ከርከሮን በአንድ ድምፅ መረጠ። ጭብጨባው ከበፊቱም በለጠ።

አያ አንበሶ እስኪጨርሱ በትዕግሥት ጠበቃቸው።

«ምርጫችሁን አከብራለሁ» አለ። «ግን የሌለ አይበላም።»

ከፊቱ ወይዘሮ ድኩላ ነበረች፤ ገና ታጨበጭባለች።

ከርከሮ ጉድጓዱ አፍ ላይ ሥር ሲያኝክ ከሩቅ «ቋ» የሚል ድምፅ ሰማ። የራሱ መስሎት ማኘኩን ቢያቆምም ድምፁ ደገመ። ብዙም ሳይቆይ እመት ጦጢት እያለከለከች መጣችና ደብቀኝ ስትል ለመነችው። በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሆና እንኳ ሙከራው መሳካቱን ሳትነግረው አላለፈችም።

ከርከሮ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀላት።

«ሰምቻለሁ፣ እመት ጦጢት» አላት። «የኔ ሙከራ አልቋል። የናንተ ግን ገና ዛሬ ተጀመረ።»