የአክስቴ መሐረብና ደረቴ ላይ የታየው ነጥብ

ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ «እኔ ምን አልኩ?» የሚል ዘመድ የሌለው ቤተሰብ በዓለም ላይ የለም። «እኛ ቤት የለም» የሚል ካለ፣ ያ ዘመድ እሱ ራሱ ነው።

በኛ ቤት ሥልጣኑን የያዙት ክብርት አክስቴ ናቸው። ዝናብ ሲዘንብ «እኔ ምን አልኩ?» ይላሉ፤ ሳይዘንብ ሲቀርም ይሉታል። የጎረቤት ልጅ ፈተና ቢያልፍም ቢወድቅም ቀድመው ተናግረው ነበር። ምን እንዳሉ የሚያስታውስ ሰው ግን እስካሁን አልተገኘም። ወንድሜ አንዴ ደፍሮ «መቼ አሉ?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ «ድሮስ መቼ ትሰማኛለህ» ብለው አፉን አስያዙት።

ሁለተኛው ሥልጣናቸው መሐረብ ነው። ከቦርሳቸው የተተኮሰ ነጭ መሐረብ ጠፍቶ አያውቅም። ላብ ያወጣ ግንባር፣ ሾርባ የነካው አገጭ አያመልጣቸውም። እኔ ጎልማሳ መሆኔን ቢያምኑም፣ አገጬ ገና ልጅ ነው ባይ ናቸው።

አንገቴ ላይ ባለው የታይሮይድ ዕጢ ካንሰር ተገኝቶ ዕጢው በቀዶ ጥገና ሲወጣልኝም «እኔ ምን አልኩ? ያ አንገትህ ደስ አላለኝም ነበር» አሉ። ከዚያ ጨረር ያለው አዮዲን ውጬ፣ ጨረሩ ሌላ ሰው እንዳይነካ ለጥቂት ቀን በአንድ ክፍል ለብቻዬ እንድቀመጥ ታዘዝኩ። ወደ ሌላ አካል የዘለቀ ካንሰር ካለ አዮዲኑን ይስባል፤ ጨረሩን የሚያየው የሆስፒታሉ ካሜራ ደግሞ ቦታውን እንደ ነጥብ ያሳያል። ምራቅ እንዲመጣልኝም የሎሚ ከረሜላ ምጠጥ ተባልኩ። አክስቴ ይህን ሲሰሙ ከመግባቴ በፊት በር ላይ ጠብቀው መሐረብ ሰጡኝ።

«ከረሜላ ስትመጥ ትዝረበረባለህ፤ አውቅሃለሁ። ከኪስህ እንዳይለይ።»

አልተለየም። በምርመራው ቀን ታጥቤ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ ልወጣ ስል አክስቴ ስልክ ደወሉ። «መሐረቡን ያዝክ?» ከአሮጌው ሸሚዝ አውጥቼ በአዲሱ የደረት ኪስ ከተትኩት። እሳቸውን እምቢ ማለት ከካሜራው በላይ ያስፈራል።

ሐኪሟ ምስሉን ትኩር ብላ አየችው። «ግራ ደረትዎ ላይ አንድ ነጥብ አለ። ሳንባ ላይ እንዳይሆን ከጎን ደግመን እናነሳዎታለን። እስከዚያ ውጭ ይጠብቁን» አለች።

አክስቴ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ራቅ ብዬ ቆሜ ነገርኳቸው። «እኔ ምን አልኩ» አላሉም። ቦርሳቸውን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ደግመው ከፈቱ። መሐረብ የለም፤ እኔ ጋ ነው። ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። በእውነት የፈራሁት ያኔ ነው። እኚህ ሴትዮ ቃል ካጡ እኔ አልቆልኛል ብዬ አሰብኩ። መሐረቡን ላቀብላቸው እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ ስሜ ተጠራ።

ከጎን ስነሳ ነጥቡ ከሳንባዬም ከደረቴም ውጭ፣ አየር ላይ ተንሳፎ ተገኘ። የምስል ባለሙያው ወደ ኪሴ አየ።

«እዚህ ውስጥ ምን አለ?»

«የአክስቴ መሐረብ።»

ሐኪሟ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። ከረሜላ እየመጠጥኩ አፌን ስጠርግበት አዮዲኑ ከምራቄ ጋር መሐረቡ ላይ ተቀምጦ ኖሯል። መሐረቡ ወጥቶ እንደገና ስነሳ ደረቴ ላይ ምንም አልነበረም።

ወጥቼ ለአክስቴ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ያስደነገጠን የራሳቸው መሐረብ መሆኑን ጭምር። እንደገና ቦርሳቸውን ከፍተው ዘጉ። ደስታውና ጥፋቱ አንድ ላይ መጥቶባቸዋል።

«አክስቴ፣ ደህና ነኝ እኮ» አልኳቸው። «በሉት እንጂ።»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ምን አልኩ?» አሉ በቀስታ። «ከኪስህ አይለይ አልኩ እንጂ ፎቶ ተነሳበት አልኩ?»

ጠዋት ማን እንደደወለልኝ አላነሳሁም። እስከ ቤት ድረስ ደጋግመው አሉት። እኔም ራቅ ብዬ ከኋላ ከኋላቸው እየተከተልኩ፣ ባሉት ቁጥር «አዎ፣ ብለው ነበር» እላቸው ነበር።