ኢንፍሌሽን በአራራይ

አልተሰረዘም! ጎበዝ፣ የኢኮኖሚክስ ፈተናችን አልተሰረዘም! ዛሬ ጠዋት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «ውጤቱ ጸድቋል» የሚል አነበብኩና ከግቢው በር እስከ መናኸሪያ እየዘለልኩ ወረድኩ። የዳባት ሚኒባስ ረዳት «ምነው እቱ፣ ሰርግ አለ እንዴ?» አለኝ።

«ከሰርግም ይበልጣል!»

ዩኒቨርሲቲ ማለት መብራት ሲኖር ትምህርት ቤት፣ መብራት ሲጠፋ ገዳም ነው። ተሳስተሻል የሚል ካለ ደባርቅ ይምጣና ይሰንብት… ጋቢውን ይዞ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢኮኖሚክስ የሚያስተምሩን መምህር ጌትነት የደባርቅ የቤት ኪራይ አልቀመስ ብሏቸው ከዳባት እየተመላለሱ ነው። እሳቸው ሲመጡ መብራቱ ይሄዳል፤ መብራቱ ሲመጣ እሳቸው ሚኒባስ ያጣሉ። ሁለቱ በተገናኙ ቀን ደግሞ ፕሮጀክተሩ ያኮርፋል። ፎቶ ኮፒ ቤቱም ያው የመብራት ጥገኛ ነውና፣ ለክፍሉ በሙሉ የደረሰችን አንዲት ሃንድአውት ብቻ ሆነች። «በቴሌግራም ይላኩልን» አልናቸው። ላኩ። ፋይሉ አልከፈት ብሎ እስካሁን እየዞረ ነው!

ይኼኔ ስመኘው ተነሣ። ስመኘው የክፍላችን ልጅ ነው፤ ወደ አስኳላው ከመምጣቱ በፊት ደረስጌ የቆሎ ተማሪ ሆኖ ዜማ ተምሯል። እኛም «የኔታ» እያልን እናበሽቀዋለን።

«አንድ መጽሐፍ ለብዙ ተማሪ? ይኼማ የለመድነው ነው» አለ ጋቢውን እያጣፋ። «እኔ እመራለሁ፣ እናንተ ትቀበላላችሁ። በቃላችሁ ካልያዛችሁ ስሜን ቀይሩት።»

«ስምህንማ ቀይረነዋል፣ የኔታ!» አልኩት።

ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ሥር ተደረደርን። አቅርቦትን በግዕዝ ዜማ፣ ፍላጎትን በዕዝል አስያዘን። ኢንፍሌሽን ላይ ስንደርስ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ አሰበና «ለዚህስ አራራይ ነው የሚስማማው፤ የሚያስለቅስ ዜማ ይፈልጋል» አለ። እሱ እየመራ፣ እኛ እየተወዛወዝን እየተቀበልን… ለነፍሳችን አትስጉ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ቃል አልነካንም፤ ዜማውን ብቻ ነው የተዋስነው። እንግሊዝኛው ምን ማለት እንደሆነ ግን… እሱን ማን ጠየቀ?

የፈተናው ቀን ደረሰ። አዳራሹ ጭጭ አለ። ፈታኟ ከሌላ ትምህርት ክፍል የመጡ፣ ሲራመዱ ጫማቸው ቋ ቋ የሚል መምህርት ናቸው። «ኢንፍሌሽን ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ጋ ስደርስ ዜማውን በሆዴ ጀመርኩ… በሆዴ የጀመርኩ መስሎኝ! ለካ አፌ ተከፍቷል።

«ኢንፍሌሽን ኢዝ ኤ ኮንቲንዩየስ ራይዝ…» ብዬ በአራራይ ለቀቅሁት።

ብቻዬን ብቀር ደግ ነበር። ግን መሪውን የሰማ ተቀባይ ዝም ይላል እንዴ? ክፍሉ በሙሉ ራሱን እየነቀነቀ ባንድ ድምፅ ተቀበለኝ፦

«…ኢን ዘ ጄኔራል ፕራይስ ሌቭል፤ ኮንቲኒውድ ኦን ኔክስት ፔጅ!»

አዎ፣ «ወደ ቀጣዩ ገጽ ይዞራል» የሚለውን ጭምር! ስመኘው ከወረቀቷ ላይ አንዲት ቃል ማስቀረትን እንደ ኃጢአት ነው የሚቆጥረው።

«ምንድን ነው ይኼ? ማኅሌት ነው?» አሉ ፈታኟ።

«አይደለም መምህር፣ ኢኮኖሚክስ ነው» አለ አንዱ ከኋላ።

አስጨርሰውን ሄደው ሪፖርት አደረጉ። ወረቀታችን ሲታይ ደግሞ ሁላችንም፣ አንድም ሰው ሳይቀር፣ ወደ ቀጣዩ ገጽ ይዞራል ብለን ጽፈናል። ተኮራርጀዋል ተባለ። መምህር ጌትነትም ፈተናውን አስቀድመው ሰጥተዋቸው እንደሆነ ይጣራ ተባለ። ፈተናው ከተሰረዘ ኮርሱን መድገም ነው። እስቲ አስቡት፤ ዳባት ገብቼ እናቴን «እማዬ፣ ዘፍኜ ወደቅሁ» ልላት!

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ እኛንም መምህር ጌትነትንም ጠሩን። ስመኘው ሃንድአውቷን ከላይ እስከ ታች በዜማ አወረደላቸው። ኃላፊው መነጽራቸውን አወለቁ።

«እሺ፣ አልተኮራረጃችሁም። ግን አንቺ… አዎ አንቺ፣ የጀመርሽው! ኢንፍሌሽን ማለት ምን ማለት ነው? ያለ ዜማ!»

እንግሊዝኛው ከዜማው ጋር ተያይዞ ጥሎኝ ሄዷል። መምህር ጌትነት አቀርቅረው ወለሉን ያያሉ። ቢጨንቀኝ የዳባትን ገበያ አነሣሁ።

«አምና እናቴ በግ ሸጣ ለኔም ለወንድሜም ጫማ ገዛችልን፣ ዘይትም ይዛ ገባች። ዘንድሮ በጉን ካምናው በውድ ሸጠችው። ደስ ብሏት ጫማ ቤት ብትገባ ብሩ ለኔ ጫማ ብቻ በቃ። ወንድሜ ያምናውን ጫማ እንዳደረገ ነው፤ አውራ ጣቱ ወጥቶ ያየናል። በጉም ጨመረ፣ ጫማውም ጨመረ፣ ዘይቱም ጨመረ… ሁሉም ሲጨምር እኛ ቀነስን።»

ኃላፊው ወደ መምህር ጌትነት ዞሩ።

«ይኼን አስተምረሃቸዋል?»

«አላስተማርኩም» አሉ መምህር ጌትነት። «ግን እኔም ደመወዜን የምቀበለው በአራራይ ነው።»

ቢሮው በሳቅ ተናጋ! ኃላፊው ራሳቸው ዓይናቸውን በመሀረብ ጠረጉ… በሳቁ ይሁን በደመወዙ አላወቅሁም።

ከዚያ ፈረዱ፦ እያንዳንዳችን ያለ ዜማ እንጠየቃለን፤ ያስረዳ ውጤቱን ይወስዳል። ከበየዳ የመጣችው ልጅ አቅርቦትን በገብስ አስረዳች። ሌላው የድንች ዋጋ አነሣ። ስመኘው ግን ላብ በላብ ሆነ! «የኔታ፣ አይዞህ፣ በገዛ ቋንቋህ ተናገረው» እያልኩ በበር ቀዳዳ ሳበረታታው፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ሻማ ለምን እንደሚወደድ ተናግሮ ወጣ። ይኸውና ሁላችንም አለፍን!

አሁን ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ከዜማ ወደ ትርጓሜ ተሻግረናል፤ መምህር ጌትነትም ሚኒባስ ባገኙ ቁጥር አብረውን ይቀመጣሉ። እናንተም ቅዳሜ ጠዋት ኑ፤ ተማሪ ብትሆኑም ባትሆኑም፣ መምህር ብትሆኑም! ሳይገባችሁ «አዎ፣ አዎ» ያላችሁለትን አንድ ቃል ብቻ ይዛችሁ ኑ፤ ማንም አይስቅባችሁም። የኔን ቃል እዚህ እንዳልጽፈው ግን… መምህር ጌትነት ይኼን አምድ ያነባሉ!