ሐኪሙን አፋጥጥልዎታለሁ

[ኮሎምበስ፣ ጥር ወር። ጋሼ ገብረኪዳን ከሬይኖልድስበርግ ወደ ክሊኒክ ይነዳሉ። አጠገባቸው ተፈሪ የጃኬቱን ኮሌታ ጆሮው ድረስ ስቧል።]

ተፈሪ: ኧረ ጋሼ መስኮቱን! ውጪ እኮ በረዶ ነው!

ገብረኪዳን: ቆይ፣ ሙቀቱ ይለፍልኝ።

ተፈሪ: የምን ሙቀት? ሂተሩን እንኳ አላበሩም!

ገብረኪዳን: ከውስጥ ነው የሚነደኝ። የፕሮስቴት ካንሰሩ መርፌ ነው።

ተፈሪ: ይኸው! የወንድ ሆርሞን አጥፍቶ ካንሰር ማከም የሚባል ነገር አለ? ቢዝነስ ነው! ዛሬ ሐኪሙን አፋጥጬ አስቆምልዎታለሁ።

ገብረኪዳን: በሱ ፈንታ ምን ልውሰድ?

ተፈሪ: ጥቁር አዝሙድ በማር፣ በባዶ ሆድ። ቲክቶክ ላይ ዶክተሩ ተናግሯል።

ገብረኪዳን: ዶክተር መሆኑን በምን አወቅክ?

ተፈሪ: ነጭ ጋውን ለብሷላ!

ገብረኪዳን: እኛም ግሮቭፖርት ዌርሃውስ፣ መጋዘኑ ውስጥ ስንሠራ ነጭ ጋውን እንለብሳለን። የምንጭነው ግን ዶሮ ነው።

ተፈሪ: አይቀልዱ! ... ጋሼ፣ እዚያ ጋዝ ስቴሽን ያቁሙልኝማ።

ገብረኪዳን: አሁን ወርደህ አልነበር እንዴ?

ተፈሪ: ብርዱ ነው።

[ወርዶ ሽንት ቤት ገባ፤ እየሮጠ ተመለሰ።]

ተፈሪ: ለመሆኑ ከዚህ መርፌ ጋር መኖር ኑሮ ነው? እንቅልፍ የለ፣ ጉልበት የለ፣ የባልና ሚስት ወግ የለ...

ገብረኪዳን: እሱስ እውነትህን ነው። አንዳንዴ ያስለቅሰኛል። ለሐኪሙ ሳልደብቅ ነገርኩት። ለሙቀቱ ኪኒን ጨመረልኝ፣ ጂም ግባ አለኝ፣ ሚስትህንም ይዘህ ና፣ አብረን እንነጋገር አለኝ።

ተፈሪ: ጂም? በዚህ ዕድሜ?

ገብረኪዳን: ልጄ ሀሌሉያ ስትዳር መጨፈር እፈልጋለሁ። በጥቁር አዝሙድ ልጨፍር?

[ክሊኒክ ደረሱ። ተፈሪ ደረቱን ነፍቶ ገባ።]

ተፈሪ: የታለ ዶክተሩ?

ገብረኪዳን: ቁጭ በል፣ ይጠራሉ። ስማ፣ ሽማግሌ ሆኜ ሚስትህን አይናለምን የለመንኩልህ እኔ አይደለሁ?

ተፈሪ: እንዴታ!

ገብረኪዳን: ታዲያ ባሏ ሽንት ቤት ሲመላለስ እያደረ፣ ተመርመር ስትለው ከተቆጣት፣ ለማን አቤት ትበል? ለኔ ነዋ!

ተፈሪ: ዛሬ የመጣነው ግን ለርስዎ መርፌ...

ገብረኪዳን: እኔማ ባለፈው ሳምንት ተወግቻለሁ። የዛሬውን ቀጠሮ አይናለም ናት ያስያዘችው።

[ነርሷ በሩን ከፍታ «ሚስተር ተፈሪ!» አለች።]

ገብረኪዳን: ምንም ላይሆን ይችላል፤ ግን ፕሮስቴትህ በደም ምርመራ ይታይ። ተነስ በል።

ተፈሪ: [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ጋሼ... ደም ሲቀዱ በጣም ያማል?