ሊቀ ቅጂ እንግዳው

በየመሥሪያ ቤቱ ሥራው ሥራ ማስቆም የሆነ አንድ ሰው አለ። ደመወዙም ከኛ ይበልጣል።

የኛ የወረታዎቹ ሊቀ ቅጂ እንግዳው ይባላል። ሹመቱን የሰጠነው እኛ ነን፤ መንግሥት የሚያውቀው «የኮምፒውተር ባለሙያ» ብሎ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ የገበሬ መሬት የሚመዘገብበት ነው ካልሁ ይበቃል። ሁላችንም በየጠረጴዛችን ሆነን የምንጽፈው አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። እንግዳው ደግሞ ዓርብ ዓርብ፣ ባለጉዳይ በር ላይ ተሰልፎ ሳለ፣ ውስጡ ያለውን ሁሉ ልቅዳ ብሎ ይነሣል።

«እጅ ወደ ላይ!» ይላል፣ እንደ ሽፍታ።

«ኧረ እንግዳው፣ አንዲት መስመር ቀርታኛለች» ትላለች ጎኔ የምትቀመጠው ሸዋዓለም።

«እቴ ሸዋዬ፣ አውድማ ላይ እህል ሲሰፈር አላየሽም? አንዱ እየጨመረ አንዱ እየዘገነ ይሰፈራል?»

«እኔ መቼ ዘገንሁ!»

«ጨመርሽም ዘገንሽም ስፍሩ ተበላሸ። ደጅ ፀሐይ አለ፣ ሂጂ ሙቂ!»

ቀድቶም አያበቃም፤ ቅጂውን አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ መልሶ ከፍቶ ያነበዋል። «ያልተቀመሰ ጠላ ለሰው አይቀርብም» ይላል። ከዚያ በፌስታል ጠቅልሎ አንበሳሜ ከተማ እህቱ ቤት ያደርሰዋል፤ የርብ ወንዝ ሞልቶ እኛን ቢወስደን ቅጂው እንዲተርፍ። እኛ ግን አንበሳሜ ሴት አለችው ብለን ከደመደምን ቆየን።

ባለፈው ወር ወገቡን አሞት ወንዛዬ ፍል ውኃ ወረደ። አለቃችን አቶ አለኸኝ ደግ ሰው ናቸው፤ ገበሬ ከሩቅ መጥቶ ሲጉላላ አይወዱም። «ሰውም ይሥራ፣ ኮምፒውተሩም ይቀዳ፤ ምን አጣላቸው?» ብለው ረቡዕ ዕለት ሥራ ሳይቆም አስቀዱ። ሐሙስ መብራት ጠፍቶ በኃይል ሲመለስ ትልቁ ኮምፒውተር ተቃጠለ። አልደነገጥንም። የረቡዕ ቅጂ አለና!

በማግሥቱ እማማ ሙናዬ መጡ። ባላቸው አቶ ተገኘ ከሞቱ ወዲህ የሩዝ ማሳው ወደ ስማቸው እንዲዞር ሲመላለሱ የከረሙ ናቸው፤ ረቡዕ ሸዋዓለም አዙራላቸው ነበር። የረቡዕን ቅጂ ከፍተን ብንፈልግ በሳቸው ስም የለም። በባላቸውም የለም።

«ልጆቼ፣ መሬት እንዴት ይጠፋል? የባሌ ወንድም በሬውን ጠምዶ ማሳው ዳር ቆሟል እኮ!»

እንግዳው ተደወለለት። ፎጣውን አንገቱ ላይ እንደጣለ፣ በአንበሳሜ በኩል አልፎ፣ ፌስታሉን አንጠልጥሎ መጣ። አንዴ አይቶ ገባው። ረቡዕ ሲቀዳ፣ ኮምፒውተሩ የእማማ ሙናዬን ገጽ ገና ባዶ ሳለ ቀድቶ አልፏል። ከዚያ ሸዋዓለም ማሳውን ከአቶ ተገኘ አንሥታ ለሳቸው ሰጠች። ኮምፒውተሩ ዘግይቶ አቶ ተገኘ ዘንድ ሲደርስ ያም ባዶ ሆኖ ጠበቀው።

«እህሉ መንገድ ላይ ሳለ ሰፈራችሁት» አለ። ለስድብ ሁላችንም ተዘጋጅተን ነበር፤ ስድቡ ግን ቀረ።

ከፌስታሉ ያለፈውን ዓርብ ቅጂ አውጥቶ ከፈተ። ሸዋዓለምና እኔ የሳምንቱን ሥራ እንደ አዲስ መጻፋችን ነው፤ ማሳው ግን ከነአዋሳኙ ሙሉውን ተቀምጧል።

«ይኸው አለ፣ እማማ። አባባ ተገኘ ስም ላይ ነው።»

እማማ ሙናዬ ወደ ኮምፒውተሩ ተጠጉ። «እስቲ ስሙን አንብብልኝ።»

አነበበላቸው።

«ድገመው።»

ደገመው።

«አሁን ወደ እርስዎ ላዙረው?»

«ቆየኝማ ልጄ። እንዲህ ሆኜ ነው ባሌን የምሸኘው?» አሉና ነጠላቸውን አውልቀው፣ አራግፈው፣ እንደገና ይለብሱት ጀመር።

እንግዳው ጠበቃቸው። ሰልፉ እስከ አጥሩ በር ደርሷል፤ እሱ ግን ዞር ብሎም አላየው። እንዲህ ያለውን ነዝናዛ እግዜር ለየመሥሪያ ቤቱ አንዳንድ ይስጥ።